ከሁለት ወደ አንድ

ወንድሜ በዚህ ዓለም ሁለት ነገር አያምንም፤ ፍላሽና እኔን። ፍላሽ ኪስ ገብታ ትጠፋለች፣ እኔ ደግሞ መጽሐፍ አሳትማለሁ። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እሱ እያልኩ እጽፋለሁ፣ እንደማያነበው አውቃለሁና። የእኔን ጽሑፍ አንብቦ አያውቅም። አንድ ጊዜ መጽሐፌን ወስጄ ብሰጠው የጀርባውን ፎቶ አየና «ከስተሃል» ብሎ መለሰልኝ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዕድሜ ልኩን አማርኛ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። «ሥራዬ» ሲል ግን ማስተማሩን ማለቱ አይደለም፤ ሙሾውን ነው። ከቁይ፣ ከይጁቤ፣ ከሮብ ገበያ ዙሪያ መንደሮች፣ በአልቃሽነት ስም ካወጡ ሴቶች አፍ የተለቀመ የለቅሶ ግጥም። ባህል አዳኝ ነው። ባህል የሚያድኑ ሰዎችን ብዙ አይቻለሁ፤ ከነሱ የሚያድነን ግን አላገኘሁም።

በእኛ አገር ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወረድም። ሟርት ነው። አንዲትን አልቃሽ ቤቷ ሄደህ «እስቲ አንድ ሁለት በይልኝ» ብትላት «በማን ላይ?» ብላ ውሻዋን ትለቅብሃለች። ስለዚህ ሙሾ የሚሰበስብ ሰው ሞት መጠበቅ አለበት። እኛም ጠበቅን። ያኔ እኔ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ለስድስት ዓመት ያህል፣ ሰው መሞቱን በሰማን ቁጥር፣ የማናውቀው ሰው ለቅሶ ደረስን። ቴፕ ይዞ ለቅሶ ቤት መግባት ነውር ስለሆነ፣ እኔ ከሴቶቹ ጀርባ ጋቢ ተከናንቤ ከጋቢው ሥር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ወንድሜ መምህር ነውና ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ይቀመጣል። ንፍሮውን እየቃመ፣ ደህና ግጥም ሲሰማ በዓይኑ ይጠቅሰኛል። ጻፍ ማለቱ ነው። የሟቹ ቤተሰቦች በኀዘን ስላጎነበስኩ ያመሰግኑኝ ነበር።

የመጀመሪያው ግጥም ግን ከቤታችን የወጣ ነው። በእሱና በእኔ መካከል አንዲት እኅት ነበረችን። የሞተች ዕለት እናታችን ደረቷን እየደቃች ስታወርድ፣ እሱ ከኋላዬ መጣና ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ጻፍ» አለኝ። እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ ጻፍኩ። የስብስቡ መጀመሪያ ገጽ እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ ተከተለ።

ስምንት ደብተር ሞላሁ። ስምንቱንም ወሰደ። አንድ ትምህርት ቤት ያረጁ ኮምፒውተሮቹን ሲያስወግድ አንዱን ገዛና በሁለት ጣት፣ አሥር ዓመት ሙሉ፣ የደብተሮቹን ግጥም አስገባበት። አንዱን ደብተር ተይቦ በጨረሰ ቁጥር ለምድጃ ይሰጠዋል። ረቂቅ ማስቀመጥ ሌባ መጥራት ነው ይላል። ደብተሮቹ እንደተቃጠሉ የሰማሁት ከሚስቱ ነው፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ ምጣድ እያሰሰች። «ጥሩ ይነድ ነበር» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ወረቀቱ ጥሩ ስለነደደ ነው።

ባለፈው ክረምት ስልክ ደወለ። ሰላምታ አያውቅም።

«ኮምፒውተሩ ይቆረጥማል።»

«ምኑን ነው የሚቆረጥመው?»

«እኔ ምን አውቄ። ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ቆሎ የሚበላ ይመስላል። ና።»

ስለ ኮምፒውተር የማውቀውን ያወቅሁት በድህነት ነው። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው መካኒክ የሚከፍልበት ስለሌለው ራሱ መካኒክ ይሆናል። ሄጄ ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ አደረግሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዝም፤ እንደገና ጠቅ። ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነበር። ሃርድ ዲስክ ማለት በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ያለ፣ የጻፍከው ሁሉ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ብረት ነው። ሲሞት የያዘውን ይዞ ይሞታል።

«ጋሼ፣ ዛሬውኑ ሥራዎን በፍላሽ እንገልብጠው» አልኩት።

«በፍላሽ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«አይወጣም፤ ቁም ሣጥንዎ ውስጥ ይቆልፉበት።»

«ፍላሽ እግር አለው» አለና አየኝ። አስተያየቱ ውስጥ የእኔም እግር ነበረበት። ኢንተርኔት ላይ እናስቀምጠው እንዳልለው፣ ያኔ ከተማው ውስጥ ኢንተርኔት ከጠፋ ወራት አልፎታል፤ ቢኖርም ኢንተርኔትን የሚያየው አደባባይ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ነው።

የቀረው አንድ መንገድ ነበር። ሌላ ሃርድ ዲስክ አምጥቶ፣ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ከአሮጌው ጎን አስቀምጦ፣ የአሮጌውን ሆድ እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ። ከሳጥኑ ምንም አይወጣም። በዚህ ተስማማ። የአዲስ አበባ መንገድ አንድ ቀን ሲከፈት ሦስት ቀን የሚዘጋበት ጊዜ ስለነበር፣ እዚሁ ከተማ ከአንድ ጥገና ቤት የተረፈ፣ ያገለገለ፣ ግን ደህና የሆነ ባዶ ዲስክ አገኘሁ። መጠኑ ከአሮጌው ጋር እኩል ነው።

ረቡዕ ጠዋት ካቻቪቴዬን ይዤ ሄድኩ። ሳጥኑን ከመክፈቴ በፊት ኮምፒውተሩን አስነሥቼ፣ ሥራው አሁንም ይከፈት እንደሆነ ለማየት ፋይሉን ከፈትኩ። እያቃሰተ ተከፈተ። ወንድሜ አጠገቤ አልነበረም፤ ግቢው ውስጥ ጎርፍ መንገዱን እንዲስት ቦይ ይከፍት ነበር። መቅድሙን አነበብኩ። ሙሾ ምን እንደሆነ ሙሾ አውራጆቹ እንኳ ሊረዱት በማይችሉት ቋንቋ ለሃምሳ ገጽ ያብራራል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «እኒህን ግጥሞች ለዓመታት ብቻዬን ከመንደር መንደር ተንከራትቼ በእጄ ጻፍኳቸው።»

ብቻዬን። በእጄ።

ወደ ምስጋናው ወረድኩ። ለፈጣሪ፣ ለብፁዓን አባቶች፣ በስም ተዘርዝረው ለዞኑ ኃላፊዎች (ግማሾቹ ከሥራ ተነሥተዋል)፣ ለባለቤቱ፣ ለጎረቤቶቹ። መጨረሻው ላይ፦ «እንዲሁም ኮምፒውተሬ ሲበላሽ ለሚጠግንልኝ ታናሽ ወንድሜ።» ገና ሳልጠግንለት አመስግኖኛል። ዘግቼ አጠፋሁት።

ሳጥኑን ስከፍተው የአሥር ዓመት አቧራ፣ እንደ ብዝት የተባዘተ፣ ከነደረቀ በረሮው ተቀበለኝ። ውስጡ ለዲስክ የተሠሩ ሁለት መደርደሪያዎች አሉ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፤ ሁለት ኬብሎችም፣ ቀይና ሰማያዊ። ቀዩ አንደኛ፣ ሰማያዊው ሁለተኛ ነው። ኮምፒውተሩ የሚነሣው ከአንደኛው ስለሆነ አዲሱን ዲስክ ከላይ አድርጌ ቀዩን ሰካሁለት፤ ነገ አሮጌው ሲወጣ አዲሱ ቦታውን ይዞ ይቀጥላል። አሮጌውን አወረድኩና ሰማያዊውን ሰካሁበት። ብሎኑን ገና አላሰርኩም። ከዚያ እንዳልሳሳት ቁራጭ ወረቀት ላይ «ከሁለት ወደ አንድ» ብዬ ጻፍኩና ስክሪኑ ግርጌ ለጠፍኩ። ይዤው በመጣሁት ሲዲ የሚሠራው የመገልበጫ ፕሮግራም የሚጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ከየትኛው ወደ የትኛው። መልሱን ከገለበጥከው ባዶው በሙሉው ላይ ይጻፋል።

ወንድሜ እግሩን ጭቃ አድርጎ ገባና ቆሞ አየ።

«ላይ ያለው የቱ ነው?»

«አዲሱ።»

«ሥራዬ ያለበትስ?»

«እሱ ታች ነው።»

«አሥር ዓመት ያገለገለው ታች፣ ትናንት ከገበያ የመጣው ላይ።»

«ብረት እኮ ነው ጋሼ።»

«ወንበርም እንጨት ነው» አለኝ።

ይህን ያለው የዋዛ ሰው አይደለም። አንድ የሠርግ ዳስ ውስጥ፣ በዕድሜ ከሚያንሰው ነጋዴ በታች ስላስቀመጡት፣ ጠጁ ሳይቀዳ ተነሥቶ በዝናብ በእግሩ ቤቱ የገባ ሰው ነው። የሠርጉ ቤት ሰዎች ሽማግሌ ልከው ይቅርታ ጠየቁት። ባይጠይቁት ኖሮ ዛሬም ዝናብ ውስጥ የሚሄድ ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ሰው በእኛ አገር አይሳቅበትም፤ ክብሩን የሚያውቅ ይባላል።

ምሳ ቀረበ። የጾም ሽሮ። እሱ ከእኔ ቀድሞ በልቶ እጁን ታጠበና «እናንተ ብሉ» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ ኮምፒውተሩ ያለው እዚያ ነው። ሚስቱ ስለ ጤፍና ስለ ዝናቡ ስታወራኝ የብረት ቅጭልጭል ሰማሁ። እሷም ሰማች። ወጥ ጨመረችልኝ።

ስመለስ አሮጌው ዲስክ ከላይ ተቀምጧል። ቀዩ ኬብል ተሰክቶበታል፤ አጥብቆ፣ በትክክል። አዲሱ ታች ወርዶ ሰማያዊውን ይዟል። አቧራውን ሳይቀር በነጠላው ጫፍ ጠርጎለታል። ወረቀቴ ግን እንደተለጠፈ ነው፦ ከሁለት ወደ አንድ። ሁለተኛው አሁን ባዶው፣ አንደኛው አሁን ሥራው ያለበት ሆኗል።

መልሶ መቀየር የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነበር። እጄንም ዘርግቼ ነበር። ከዚያ ተውኩት፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ጠራሁት። አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ አዎ እንዲለኝ። በሃምሳ ዓመት አንዲት አዎ።

«ጋሼ፣ ሳጥኑን ነክተዋል?»

«እኔ? እኔ ምን አግብቶኝ።»

«ዲስኮቹ ቦታ የተለዋወጡ መሰለኝ።»

«እንደተውከው ነው።»

«እንደተውኩት ከሆነ ወረቀቱ ላይ እንደጻፍኩት ልሥራ። ካልሆነ ግን ሥራዎ ይጠፋል። ለዚህ ነው የምጠይቅዎ። አልነኩትም?»

ይህን ቃል በቃል ብዬዋለሁ። ለራሴ ብዙ ጊዜ ደግሜዋለሁና አልረሳሁትም።

ፊቱ ትንሽ ቀላ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ታናሹ ፊት፣ ሚስቱ ፊት፣ በገዛ ቤቱ። «አልነካሁም አልኩህ። ስንት ጊዜ ትጠይቀኛለህ? ተማሪህ ነኝ? እንደጻፍከው ሥራ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩት፤ እንደ ታናሽ። እንደጻፍኩትም ሠራሁ።

ፕሮግራሙ ሁለቱን ዲስኮች በቁጥር አሳየኝ፤ መጠናቸው እኩል ነው። አንድ ቁልፍ ብጫን በየሆዳቸው ያለውን ይዘረዝርልኝ ነበር። ቁልፉን አውቀዋለሁ። አልተጫንኩትም። በአንደኛው ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀ። እሱም እንደኔ ደጋግሞ ይጠይቃል። ቀጥል አልኩት።

ግልበጣው ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር እየረዘመ፣ ከጎኑ ከመቶ ስንት እንደደረሰ ይጽፋል። ወንድሜ ወንበሩን አስጠግቶ መነጽሩን አደረገ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብልኝ ጀመር።

«አሥራ አንድ ገባ።»

«ገባ ጋሼ።»

«አይፈጥንም?»

«ብዙ ሥራ ነው ያለዎት።»

ደስ አለው። ሚስቱን ሻይ እንድታመጣ ጠራት፤ ለእኔም በእጁ ስኳር ጨመረልኝ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። አርባ ሲደርስ ስለ ማተሚያ ቤት አወራኝ። ስድሳ ሲደርስ በመጽሐፉ ምረቃ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ ነገረኝ። የእኔን ወንበር ጠበቅሁ፤ አልጠቀሰውም። እያንዳንዱ ቁጥር ከአንዲት ሴት ጉሮሮ የወጣ ነበር፤ የቁይዋ፣ የይጁቤዋ፣ ባሏንና ሦስት ልጆቿን በአንድ ክረምት የቀበረችው የሮብ ገበያዋ። ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወረድም ብዬ አልነበር? እነዚያ ሁሉ ሟቾች ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞቱ ሻይ እየጠጣን ቆጠርናቸው። ሃያ ላይ ባቆመው ኖሮ ከኋላው ያለው ምናልባት ይተርፍ ነበር። አሰብኩት እንኳ። ከዚያ ሻዬን ቀመስኩ፤ በጣም ጣፍጧል።

«መቶ» አለ ወንድሜና መነጽሩን አወለቀ።

አጥፍቼ አስነሣሁት። ጥቁር ስክሪን፣ ላዩ ላይ አንዲት ነጭ መስመር።

«ምን ይላል?»

«ባዶ ነው ይላል።»

«የቱ?»

«ሁለቱም።»

ሳጥኑን አየ። ከላይ ያለውን ዲስክ አየ፣ ከዚያ ቀዩን ኬብል፣ ከዚያ ወረቀቴን። አማርኛ አስተማሪ ነው፤ ሦስት ቃል ለማንበብ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሊናገር የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ለመናገር ደግሞ መጀመሪያ አዎ ማለት ነበረበት።

«ዕድሜው ነው» አለ በመጨረሻ። «አርጅቶ ነበር።»

«አርጅቶ ነበር» አልኩ።

ብሎኖቹን አሰርኩና ወጣሁ። ሚስቱ እስከ በር ሸኘችኝ። እጄን ስጨብጣት የእሷ እጅ ቶሎ ወጣ። የጠፋ ነገር መልሶ የሚያወጣ ባለሙያ አዲስ አበባ ይኖር ይሆናል ብሎ ጎረቤት ወንድሜን መክሮት ኖሮ፣ «ሥራዬን ለማላውቀው ሰው?» ብሎ እምቢ አለ። ቢኖርም ባዶ ከተጻፈበት ዲስክ የሚወጣ ነገር የለም።

ሳምንት ሳይሞላ ደወለ። ዝናብ ሲጥል ነበር፤ እኔ መንገድ ላይ አንድ ሱቅ በረንዳ ተጠልዬ ነበር።

«የይጁቤዋ፣ ያ ገበሬ የሞተ ጊዜ ያለችው፣ ስለ ሞፈር የሆነ ነገር አለው። መጀመሪያውን አስታውሰኝ።»

አላስታወስኩትም። ስለ ሞፈር የተባለ ነገር መኖሩንም እርግጠኛ አልነበርኩም። ጠብታው ከቆርቆሮው ሲወርድ እያየሁ እንዲህ አልኩት፦

ሞፈሩን አንሥቶ ትከሻው ላይ ጥሎ፣
እርሻ ሄደ አሉኝ ማታ ልመጣ ብሎ።

የብዕሩ ጭረት ይሰማኝ ነበር። «እሷ ናት» አለ። «ቃል በቃል እሷ ናት። የዛሬ ሰው እንዲህ ይገጥማል?»

«የት ተገኝቶ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይደውላል። አንዳንዱን በእርግጥ አስታውሳለሁ፤ አብዛኛውን ግን እዚያው እገጥማለሁ። እሱ አዲስ ደብተር ላይ ከነአልቃሿ ስምና መንደር ይጽፋል። ለሞቱ ሴቶች ያላሉትን አሰኘኋቸው። እንዲህ ያለ አንባቢ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም፤ አንዳንዱ ስንኝ ላይ እያለቀሰ ድገምልኝ ይለኛል። የባሰብኝ ቀን ሆን ብዬ ደካማ ስንኝ ሰጠሁት። «ይቺ የቁይዋ ናት፣ እሷ ሁልጊዜ ትለፋደዳለች» ብሎ እሷንም ጻፈ። መጽሐፉ ሲወጣ ግማሹ የእኔ ይሆናል፤ ምስጋናው ላይም ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኜ እቀራለሁ፣ ያውም ያልጠገንኩትን። በዚህ ብቻዬን ስቄያለሁ።

ባለፈው ሰኞ ደወለ። ድምፁ ሌላ ነበር።

«የመጀመሪያውን ገጽ ልጽፍ ነው» አለኝ። «የእምዬን፣ ነፍሷን ይማር። ለእኅታችን ያለችውን። በል።»

በዚህ ላይ ላልቀልድ ወስኜ ነበር። ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስጠብቀው ነበር፤ ይህኛውን እንዳለ፣ አንዲት ቃል ሳልለውጥ ልሰጠው። አፌን ከፈትኩ። አንድ ስንኝ መጣ፦

በሩን አትዝጉብኝ፣ ልጄ ደጅ ናት ገና።

ሁለተኛውን ጠበቅሁ። መጣ። ከዚያ ሌላ ሁለተኛ መጣ፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ ሁሉም በ«ና» የሚመታ፣ ሁሉም ደህና፤ ላለፉት ወራት በየበረንዳው ስገጥም እንደነበረው። የእናቴን ድምፅ ለመስማት ዓይኔን ጨፈንኩ። ደረቷን ስትመታ ይታየኛል፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣው የእኔ ግጥም ነው። ወደ መጀመሪያው ስንኝ ተመለስኩ። እሱም የእኔ ይመስል ነበር።

«እየጻፍኩ ነው» አለ። «ከዚያስ?»

«አላስታውስም ጋሼ።»

«ምን ማለት ነው አላስታውስም?» አለኝ። «የጻፍከው አንተ አይደለህ?»